ምርኮኛን ለመረጃ ሲባል ማሰቃየት፦ ጣና ዳር የተሰጠ የሁለት ቀን ሥልጠና ሲገመገም

በቅርቡ ባሕር ዳር ውስጥ፣ ጣና ዳር ባለ አንድ ሆቴል አዳራሽ፣ ስለ ጦር ምርኮኞች አያያዝና ምርመራ የሁለት ቀን ሥልጠና ተሰጥቶ ነበር። ክፍያው ምሳና ሻይ ቡናን ጨምሮ 1,500 ብር ሲሆን፣ ከተሳታፊዎቹ አብዛኞቹ ጠበቆች፣ ጋዜጠኞች፣ የሕግ ተማሪዎችና በጡረታ የተገለሉ መኮንኖች ነበሩ። ሥልጠናው ለተከፈለበት ገንዘብ የሚመጥን ነው። ሆኖም መረጃ ለማግኘት ሲባል ምርኮኛን ማሰቃየት በየትኛውም ሁኔታ ተገቢ ሊሆን ይችላል ወይ ለሚለው ዋና ጥያቄ የሰጠው መልስ በአንድ በኩል የጠነከረ፣ በሌላ በኩል ደግሞ የሳሳ ስለነበረ፣ ለቀጣዩ ዙር ለመመዝገብ የሚያስቡ ሰዎች ሁለቱንም ቢያውቁ ይበጃል።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሙሉ በሙሉ ለሕጉ የተሰጠ ነበር። አሠልጣኙ እ.ኤ.አ. የ1949ኙን ሦስተኛውን የጄኔቫ ስምምነት አንቀጽ 17 እያነበቡ አብራሩ። በዚህ አንቀጽ መሠረት ምርኮኛ ስሙን፣ ማዕረጉን፣ የተወለደበትን ቀንና የሠራዊት መለያ ቁጥሩን ከመናገር ያለፈ ግዴታ የለበትም። ከዚህ ሌላ ማንኛውንም ዓይነት መረጃ ለማውጣት በአካሉም ሆነ በአእምሮው ላይ ስቃይ ማድረስ፣ ማስገደድ፣ አልናገርም ሲል ማስፈራራትም ሆነ መስደብ ክልክል ነው። ብዙዎቻችንን ያስገረመን ግን ምርኮኛን መጠየቅ ራሱ አለመከልከሉ ነው፤ ሕጉ የሚቆጣጠረው መጠየቁን ሳይሆን የሚጠየቅበትን መንገድ ነው። ቀጥሎ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1984 የጸደቀው ማሰቃየትን የሚከለክለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሲሆን፣ የጦርነት ሁኔታም ሆነ የጦርነት ሥጋት ለማሰቃየት ምክንያት ሊሆን እንደማይችል በግልጽ ይደነግጋል። የእኛው የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 18 ኢሰብአዊ አያያዝን ከመከልከሉ በላይ፣ በአንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜ እንኳ ሊታገዱ ከማይችሉት ጥቂት ድንጋጌዎች መካከል ይህንኑ አንቀጽ አስቀምጦታል። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ከጠበቆቹ መካከል እንኳ ሁሉም አያውቁትም ነበር።

ከሥልጠናው ሁሉ የላቀው ክፍል ከሰዓት በኋላ የመጣው የኢትዮጵያና የኤርትራ የካሳ ኮሚሽን ጉዳይ ነበር። የሁለቱን አገሮች ጦርነት በቋጨው የአልጀርስ ስምምነት መሠረት የተቋቋመው ይህ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2003 ስለ ጦር ምርኮኞች በሰጠው ውሳኔ፣ የኤርትራ መርማሪዎች ኢትዮጵያውያን ምርኮኞችን፣ በተለይም የሰጡት መልስ ሳያረካቸው ሲቀር፣ ደጋግመው ያስፈራሩና ይደበድቡ እንደነበር በማስረጃ አረጋግጦ ኤርትራን ተጠያቂ አድርጓል። አሠልጣኙ በዚህ ብቻ ቢያበቁ አዳራሹ በደስታ በተቀበላቸው ነበር። እሳቸው ግን ያው ኮሚሽን ኢትዮጵያንም ተጠያቂ ያደረገባቸውን ነጥቦች አስከትለው ዘረዘሩ፦ ምርኮኞች ሲያዙ የደረሰባቸውን ድብደባ በበቂ ሁኔታ አለመከላከል፣ ጫማቸውን መቀማት፣ አስገድዶ የፖለቲካ ትምህርት መስጠት፣ በቂ ምግብ አለማቅረብ፣ ወደ አገራቸው የሚመለሱበትን ጊዜ ማዘግየት። ከአድማጮች አንዱ ጉዳዩን ወደ ዐድዋ ወስዶ እኛ ምርኮኛን በክብር የምንይዝ ሕዝብ ነን ሲል፣ አሠልጣኙ ለጣሊያን ምርኮኞች የተደረገውን አያያዝ ካመሰገኑ በኋላ፣ ከጣሊያን ጎን ተሰልፈው የተማረኩት አስካሪ የተባሉ የኤርትራ ተወላጅ ወታደሮች ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው መቆረጡን አስታወሱት። ያ ቅጣት እንጂ ምርመራ አልነበረም፤ ቢሆንም ማስታወሳቸው ተገቢ ነበር።

ሁለተኛው ቀን ማሰቃየት በእርግጥ እውነተኛ መረጃ ያስገኛል ወይ በሚለው ላይ ያተኮረ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተማረኩ አሜሪካውያን አብራሪዎችን ይመረምር የነበረው ጀርመናዊው ሐንስ ሻርፍ እጁን በማንም ላይ ሳያነሳ፣ ምርኮኞቹን በጫካ ውስጥ እያንሸራሸረ፣ ሁሉን አስቀድሞ የሚያውቅ መስሎ እያወጋ የጎደለውን ከአፋቸው ይለቅም ነበር፤ ብዙዎቹ ምን እንደነገሩት እንኳ አያውቁም። በተቃራኒው የቀረበው ኢብን አል ሼይኽ አል ሊቢ የተባለው እስረኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 መጨረሻ ከተያዘ በኋላ በአሜሪካ ለግብፅ ተላልፎ ሲሰቃይ፣ ኢራቅ አልቃይዳን በኬሚካልና በባዮሎጂ ጦር መሣሪያ አሠልጥናለች ብሎ ተናገረ። ይህ ቃል እ.ኤ.አ. የካቲት 2003 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ኮሊን ፓወል በጸጥታው ምክር ቤት ባሰሙት ንግግር ውስጥ ገባ፤ ሰውዬው ግን በሚቀጥለው ዓመት ቃሉን አጠፈ።

ሦስተኛው ምሳሌ ከኮሪያ ጦርነት የተወሰደ ነበር። (ከቃኘው ሻለቃ አንድም ወታደር ስላልተማረከ ይህ የእኛ ታሪክ ሳይሆን የአሜሪካኖቹ ነው።) በምርኮ የተያዙ አሜሪካውያን አብራሪዎች በእንቅልፍ እጦት፣ በብቸኝነትና በማያባራ ጫና ተገደው የጀርም ቦምብ ጥለናል ብለው አመኑ፤ አገራቸው ሲመለሱ ግን ካዱት። የአሜሪካ ጦር ወታደሮቹ ይህን ዓይነቱን ጫና እንዲቋቋሙ የሚያለማምድ ትምህርት አዘጋጀ፤ ከእ.ኤ.አ. 2001 በኋላ ደግሞ የአገሪቱ የስለላ ድርጅት ሲአይኤ ያንኑ የመለማመጃ ዘዴ እውነት ማውጫ አድርጎ ተጠቀመበት። የሐሰት ኑዛዜ በማስገኘት የታወቀን ዘዴ መርጦ እውነት ከእሱ መጠበቅ እንዴት ያለ ስሌት እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። በዕድሜ የገፉ አንዲት ተሳታፊም በደርግ ዘመን ወፌ ላላ የተገረፉ ሰዎች ግርፋቱ እንዲቆምላቸው ብቻ አፋቸው ላይ የመጣላቸውን ስም ይጠሩ እንደነበር ተናገሩ።

በዚህ መካከል ነበር አንድ ጡረተኛ ሻምበል እጃቸውን አንሥተው የቀኑን ከባድ ጥያቄ ያቀረቡት። «መምህር፣ ጦሬ ነገ ሊደመሰስ ነው፤ ፈንጂው የተቀበረበትን የሚያውቅ ምርኮኛ በእጄ ነው። ልጆቼ እያለቁ ሕግ ላንብብለት?» አሠልጣኙ የመለሱት «ሻምበል፣ ቢገርፉትም እውነቱን አይነግርዎትም» ብለው ነው። ይህ መልስ አላረካኝም። ምክንያቱም አንድ ቀን እውነቱን ቢናገርስ? ክልከላው ማሰቃየት አይሠራም በሚለው ላይ ብቻ ከቆመ፣ አንድ ጊዜ የሠራ ዕለት ክልከላው ይወድቃል።

መልሱ ከሁለት ነገሮች መነሣት ነበረበት እላለሁ። የመጀመሪያው፣ ምርኮኛው ወንጀለኛ አለመሆኑ ነው፤ ዝም ማለቱ ሻምበሉ ለራሳቸው ወታደሮች ያስተማሩት ግዴታ ነው፤ የእኛ ልጅ ተማርኮ ምሥጢር ሳያወጣ ቢመለስ ጀግና ብለን እንቀበለዋለን። ሁለተኛው፣ «ለአስፈላጊ ጊዜ ብቻ» የሚባል ማሰቃየት በተግባር አለመኖሩ ነው። ለዚያች አንዲት ቀን ገራፊ ቀድሞ መሠልጠን፣ ክፍሉ መዘጋጀት፣ ሰውዬው እንዳይሞት የሚከታተል ሐኪም መመደብ፣ ማን ያውቃል ማን አያውቅም የሚለውን የሚወስን አዛዥ መኖር አለበት፤ ይህ ሁሉ ከተደራጀ በኋላ ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም። እ.ኤ.አ. በ1957 በአልጀርስ ከተማ የፈረንሳይ ጦር የቦምብ ጥቃትን ለማስቆም በሚል የጀመረው ማሰቃየት የዕለት ተዕለት አሠራር ሆኖ ነበር፤ ዘመቻውን የመሩት ጄኔራል ማሱ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2000 ማሰቃየት በጦርነት ጊዜ የግድ አስፈላጊ እንዳልሆነ ተናግረዋል። ይህን ምሳሌ ለሻምበሉ የሚያቀርብላቸው አልነበረም።

ትልቁ ክፍተት ግን ሌላ ነው። ሁለቱም ቀናት ያለቁት በሁለት መንግሥታት መካከል በሚደረግ ጦርነት ላይ ሲሆን፣ በአንድ አገር ውስጥ በሚደረግ ውጊያ ስለሚያዝ ሰው የተነገረው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ፣ ያውም ሰው ወደ ምሳ ሲነሣ ነው። በእንዲህ ዓይነት ውጊያ የሚያዝ ሰው በሕግ የጦር ምርኮኛ ደረጃ ባይኖረውም፣ ለአራቱም የጄኔቫ ስምምነቶች የጋራ የሆነው አንቀጽ 3 ማሰቃየትን ለእሱም ይከለክላል። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2002 ለአልቃይዳ እስረኞች የምርኮኛ ጥበቃ አይገባቸውም ብሎ የወሰነው፣ ከዚያ በኋላ በእስረኞቹ ላይ የተፈጸመው ሁሉ ሊፈጸም የቻለው፣ የምርኮኛ ደረጃ የላቸውም በሚለው በዚሁ ቀዳዳ በኩል ነው። ባሕር ዳር ላይ በዚህ ዘመን የሚሰጥ ሥልጠና ይህን ክፍል ቢያንስ ግማሽ ቀን ሊመድብለት በተገባ ነበር። አዘጋጆቹ ለምን እንዳለፉት መገመት ባይከብድም፣ ገንዘቡን የከፈለው ተሳታፊ ግን ሊጠይቃቸው መብት አለው።

ስለ መስተንግዶው ብዙ የሚባል የለም። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ለመነሣት ጊዜ ወሰደ፤ የዓሣው ጥብስ ጥሩ ነበር፤ ለጾመኞች የቀረበው በየዓይነቱ ግን ለሁሉም አልደረሰም። የታደለው ጽሑፍ ስምምነቶቹን በአማርኛ አስማምቶ ማቅረቡ ጠቃሚ ቢሆንም፣ የካሳ ኮሚሽኑን ውሳኔ አለማካተቱ ቅር ያሰኛል።

ለሕግ ተማሪና ለጋዜጠኛ ሥልጠናውን ያለማመንታት እመክራለሁ። በፖሊስ ምርመራ ወይም በጸጥታ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ከመመዝገባቸው በፊት የጋራ አንቀጽ 3 በመርሐ ግብሩ ውስጥ መካተቱን ስልክ ደውለው ቢያረጋግጡ መልካም ነው፤ ካልተካተተም ቀጣዩን ዙር መጠበቅ ይሻላቸዋል።