ሬዲዮውን በድምፅ መጥራት ወይስ ከስልክ በብሉቱዝ መላክ?

ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ብዙ በማይርቀው ቤታችን፣ እናቴ ቡና እየቆላች የኢንተርኔት ሬዲዮዋን በድምፅ ትጠራለች። በድምፅ ማጉያው ውስጥ ያለው የድምፅ ረዳት (በንግግር የሚታዘዝ ፕሮግራም) ግን አማርኛ አያውቅም፤ የጣቢያውን ስም እንደ እንግሊዝኛ ሰምቶ የማታውቀውን ዘፈን ይከፍትባት ነበር።

አንደኛው መፍትሔ ጥሪውን ማስተካከል ነው። ረዳቱ ጣቢያዎችን የሚያገኘው ከሬዲዮ ማውጫ (የጣቢያዎች ስምና የስርጭት አድራሻ ከተመዘገበበት የኢንተርኔት ዝርዝር) ስለሆነ፣ ስሙ እዚያ በምን አጻጻፍ እንደተመዘገበ አየሁ። ከዚያም በስልኩ መተግበሪያ «ሞርኒንግ» የሚለውን ቃል ከጣቢያው ጋር አያያዝሁት። አሁን ረዳቱን የሚያነቃውን መቀስቀሻ ቃል አስቀድማ «ሞርኒንግ» ስትል፣ ምጣዱን ከእሳት ሳታወርድ ሬዲዮው ይከፈታል። ለእርሷ ይህን ያለ ማመንታት እመርጣለሁ፤ እጇ ከሥራ አይለይም። ጣቢያው የስርጭት አድራሻውን ቀይሮ ማውጫው ካልታደሰ ግን ስሙን አጥርተው ቢጠሩትም መልሱ ዝምታ ነው።

ያን ጊዜ ብሉቱዝ ይደርሳል። ስርጭቱን ከጣቢያው ድረ ገጽ በስልክ ከፍቶ ወደ ድምፅ ማጉያው መላክ ብቻ ነው። ዋይፋይ ሲቋረጥም በሞባይል ዳታ ይሠራል፤ በሰከንድ 64 ኪሎቢት የሚያሰራጭ ጣቢያ በሰዓት 29 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። ስልክ ሲደወል ግን ዜናው መሐል ላይ ይቆረጣል፤ ስልኩን ይዤ ወደ ጓሮ ስወጣም እንዲሁ።