ብሎክ፣ ዶኖቫን ወይስ ላይደን? ለግድግዳ የሚሆን የድሮ የዓሣ ህትመት ሲመረጥ

የወንዝና የሐይቅ ዓሣ ያለበት ጥንታዊ ህትመት ሲፈለግ ሦስት ስሞች ደጋግመው ይመጣሉ፦ ብሎክ፣ ዶኖቫንና ላይደን። ሻጮች ሦስቱንም «ባለቀለም የተፈጥሮ ታሪክ ቅርጽ» (ሰሌዳ ላይ ተቀርጾ የታተመ ሥዕል) እያሉ በአንድ ስም ይጠሯቸዋል። ግድግዳ ላይ ሲወጡ ግን ፈጽሞ አይመሳሰሉም። የሚለያቸውም ከዓሣው ይልቅ ቀለሙ ወረቀቱ ላይ ያረፈበት መንገድ ነው፤ ስለዚህ ህትመቱን ከመምረጥ በፊት የሚሰቀልበትን ቦታ ብርሃን ማየት ይቀድማል።

ማርከስ ኤሊዘር ብሎክ የበርሊን ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1782 እስከ 1795 ያሳተመው የዓሣዎች የተፈጥሮ ታሪክ 12 ቅጽ ሲሆን 432 ሥዕሎች አሉት። ከሰበሰባቸው ናሙናዎች ብዙዎቹ ዛሬም በበርሊን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተቀምጠዋል። የወንዝ ዓሣ ፈላጊ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቅጾች ይመልከት፤ የጀርመን ዓሣዎች የቀረቡት በእነዚያ ስለሆነ ካርፑም፣ ፓይኩም፣ ፐርቹም እዚያ ይገኛሉ። የካርፑን ጎን በማጉያ መነጽር ሲያዩት እያንዳንዱ ቅርፊት መዳብ ላይ በተቀረጸ ቀጭን መስመር ተከቧል፤ መስመሩ መሐሉ ላይ ወፈር ብሎ ጫፉ ላይ ይሰልላል። የውሃ ቀለሙ ከላዩ በእጅ የተቀባ ነውና አንዳንድ ቦታ ብሩሹ መስመሩን ዘልሎ አልፏል። ያ ዝላይ ለእኔ የህትመቱ ግማሽ ውበት ነው።

በአንዳንዶቹ ላይ ደግሞ ሆድና ጎን አካባቢ የብር ቀለም ተጨምሯል። ፊት ለፊት ቆመው ሲያዩት ግራጫ ይመስላል፤ አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሲሉ ብልጭ ይላል፣ ገና ከውሃ የወጣ ዓሣ በእጅ ሲገላበጥ እንደሚያደርገው። ብሎክን ከሌሎቹ አስበልጬ የምወደው ለዚህ ነው። ጉዳቱም ከዚያው ይመጣል፤ ብር በጊዜ ብዛት ይጠቁራል። ሻጩ ፊት ለፊት የተነሣ ፎቶግራፍ ብቻ ካሳየ፣ ብርሃን ከጎን እየወደቀበት የተነሣ ሌላ ፎቶግራፍ ይጠየቅ። ሆዱ ላይ ያለውን ጥቁረት ሠዓሊው ያኖረው ጥላ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። ቦታው የሚያምርለት ሰው በጎኑ የሚያልፍበት ኮሪደር ነው። ዋጋው ግን ከሦስቱ በአብዛኛው ከፍ ያለ ነው።

የኤድዋርድ ዶኖቫን የብሪታንያ ዓሣዎች መጽሐፍ እ.ኤ.አ. ከ1802 እስከ 1808 ወጥቶ 120 ሥዕሎች ይዟል። እነዚህም የመዳብ ቅርጾች ናቸው፤ በእጅ ተቀብተዋል፤ ቀለማቸውም ደማቅ ነው። ነገር ግን የባሕሩ ዓሣ ከወንዙ ጋር ተቀላቅሏል፤ መጠናቸውም ከመጽሐፍ ገጽ አያልፍም። ከሳሎን ማዶ ተቀምጦ ለሚያይ ሰው ይጠፋሉ። ከጽሕፈት ጠረጴዛ አጠገብ፣ ሁለት ሦስት ሆነው ዝቅ ብለው ሲሰቀሉ ያምራሉ።

አሌክሳንደር ፍራንሲስ ላይደን የሣላቸው የተለየ ነገር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1879 ለወጣው የዊሊያም ሆተን መጽሐፍ የተዘጋጁ 41 ባለቀለም ሥዕሎች ሲሆኑ፣ መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር ስለ ወንዝና ሐይቅ ዓሣ ብቻ ነው። ቤንጃሚን ፎሴት በእንግሊዝ አገር ድሪፊልድ በምትባል ከተማ ያተማቸው በእንጨት ቅርጽ ሲሆን፣ የተለያዩት ቀለሞች በተለያዩ የእንጨት ሰሌዳዎች እየተደራረቡ ያረፉ ናቸው። ብሎክ ዓሣውን ባዶ ወረቀት ላይ ብቻውን ሲያስቀምጠው ላይደን ከኋላው ወንዝ፣ ቄጠማና ኮረብታ ያኖርለታል። ትራውቱ የሚኖርበት ውሃ አብሮት ስላለ ሥዕሉ ከሩቅም ይነበባል። ለሳሎን ዋና ግድግዳ አንድ ብቻ ግዛ ብባል ያለማመንታት ላይደንን እገዛለሁ።

እውነተኛውን ከቅጂ ለመለየት በየቦታው የሚሰጠው ምክር፣ የመዳቡ ሰሌዳ ወረቀቱን ተጭኖ የተወውን ስርጉድ ጠርዝ መፈለግ ነው። ለብሎክና ለዶኖቫን ትክክል ነው፤ ያውም የወረቀቱ ዳር ካልተቆረጠ። ላይደን ላይ ግን ይህን ምልክት የሚፈልግ ሰው እውነተኛውን ህትመት አስመስሎ የተሠራ ነው ብሎ ይመልሳል፤ የእንጨት ቅርጽ እንዲህ ያለ ጠርዝ አይተውምና። ለሦስቱም የሚያገለግለው አሥር ጊዜ የሚያጎላ መነጽር ነው። ዘመናዊ ቅጂ ከሆነ ቀለሙ በረድፍ የተደረደሩ ወይም የተበተኑ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ሆኖ ይታያል፤ የድሮው ግን መስመርና የቀለም እርከን ነው። የወረቀቱን ጀርባም ማየት ነው። አንዳንድ መዳብ ያለባቸው አረንጓዴ ቀለሞች ወረቀቱን እየበሉ ጀርባው ላይ ቡናማ ጥላ ይጥላሉ፤ ይህ ካለ ጉዳቱ ተጀምሯል ማለት ነው። ከእርጥበት የሚመጡት የተበተኑ ቡናማ ነቁጦች ዓሣው ላይ ካልወጡና ዳር ላይ ከቀሩ ግን እኔ አልሸሻቸውም፤ ዋጋ ለመቀነስም ምክንያት ይሆናሉ።

በእጅ የተቀባ የውሃ ቀለም በብርሃን ይደበዝዛል፤ የደበዘዘም አይመለስም። ሙዚየሞች እንዲህ ያለውን ሥራ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ) ባልበለጠ ብርሃን ለማሳየት የሚጥሩት ለዚህ ነው፤ ይህ ከተለመደ የቤት መብራት እንኳ ደብዘዝ ያለ ነው። አልትራቫዮሌት የተባለውን የማይታይ ጨረር የሚያግድ መስታወት ጉዳቱን ያዘገያል እንጂ አያስቀረውም። ስለዚህ ፀሐይ በቀጥታ ለሚገባበት ክፍል ጥሩ ዘመናዊ ቅጂ መግዛት ምንም አያሳፍርም፤ ሁለት መቶ ዓመት የቆየ ቀለም እዚያ ማሳጣት ግን ያሳዝናል።

ክፈፍ ሲሠራ ከህትመቱ ጋር የሚነካካው ካርቶን አሲድ የሌለበት ይሁን፤ መስታወቱም ወረቀቱን አይንካ። ህትመቱ ካርቶኑ ላይ በሙጫ እንዳይለጠፍ ለባለሙያው አስቀድሞ መንገር ነው። ሁለት ዓይነት የገዛ ሰው ደግሞ ብሎክንና ላይደንን አንድ ግድግዳ ላይ አያጎራብታቸው፤ የላይደን ወንዝና ኮረብታ ዓይንን ወደ ራሱ ስለሚስብ የብሎክ ዓሣ ነጭ ወረቀቱ ላይ ያላለቀ ሥዕል ይመስላል።