ጊታራችሁ የሚያፏጭባችሁ ካላችሁ፣ እኚህን ባለሙያ ልጠቁማችሁ

ይህን የምጽፈው አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኝ ለማመስገን ነው። ሱቃቸው ለረጅም ጊዜ ፒያሳ ነበር። አካባቢው ሲፈርስ ወደ መገናኛ ግድም ተዛወሩ፤ ያኔ ብዙ ደንበኛ ጠፋባቸው። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ እኔም ሁላችንም እንደምንጠራቸው ጋሼ እላቸዋለሁ።

ሊድ ጊታር ነው የምጫወተው። ሰርግ፣ የሆቴል ምሽት፣ አልፎ አልፎ ኮንሰርት። ጊታሬ ቴሌካስተር የሚባለው የኤሌክትሪክ ጊታር ዓይነት ነው፤ ጥርት ያለ ድምፁን በጣም እወደዋለሁ። ችግሩ የሚመጣው ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክረው ፔዳል) ሲከፈት ነው። ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ይለቃል። ፔዳሉ ሲጠፋ ደግሞ እምምም የሚል ድምፅ ከሥር ይቀራል። ትዝታ ቀስ ብሎ ሲጀመር፣ አዳራሹ ጸጥ ሲል፣ ያ እምምታ ከዘፋኟ እኩል ይሰማል። ለሰርግ ባለቤቶችም ለባንዱም ያሳፍራል።

ቀድሜ ያሳየሁት ሌላ ጠጋኝ ነበር። ጊታሩን አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ላይ እንኳ ሳይሰካ "ሁለቱንም ፒክአፕ ቀይር" አለኝ፤ ፒክአፕ የክሩን ንዝረት ተቀብሎ ወደ አምፑ የሚልከው ክፍል ነው። ዋጋውን ስሰማ ተስፋ ቆርጬ ወጣሁ።

ጋሼ ጋ ስሄድ ነገሩ ሌላ ነው። ወንበር አቀረቡልኝና "መድረክ ላይ እንደምትጫወተው ተጫወት" አሉኝ። ዝም ብለው ሰሙ። ቀጥሎ ክሮቹን በመዳፌ እንዳፍን ነገሩኝ። ፉጨቱ አልቆመም። ጎንበስ ብለው አፋቸውን ወደ ፒክአፑ አስጠጉና "አሎ፣ አሎ" አሉ። ድምፃቸው በአምፑ ወጣ! በጣም ደነገጥኩ። እሳቸው ግን ፈገግ ብለው "ልጄ፣ የዚህ ጊታር ሕመም ሁለት ነው። ለሁለቱ አንድ መድኃኒት አትፈልግ" አሉኝ።

የመጀመሪያው ሕመም ፉጨቱ ነው። ነገሩን እንደገባኝ ላስረዳ፤ ብዙ ጊታሪስት እዚህ ላይ ነው ገንዘቡን በከንቱ የሚያወጣው። ከአምፑ የወጣ ድምፅ ክሩን መልሶ ሲያንቀጠቅጠው አንድ ዓይነት ፊድባክ ይፈጠራል። እሱ ኖታ አለው፤ ክሩን ስታፍኑት ይቆማል። ሊያምርም ይችላል፣ ሆን ብለው የሚጠቀሙበት ጊታሪስቶች አሉ። ሌላው ግን ከክሩ ጋር አይገናኝም። ፒክአፕ ማለት ማግኔት ዙሪያ በሺዎች ዙር የተጠቀለለ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ነው። ጥቅሉ ከላላ ሽቦው ራሱ በድምፅ ይንቀጠቀጣል፤ ፒክአፑ እንደ ማይክሮፎን መሥራት ይጀምራል። ቴሌካስተር ላይ ደግሞ ከብሪጁ (ክሮቹ ታች ከሚያርፉበት) ፒክአፕ ሥር አንዲት የብረት ሳህን አለች። ማጣበቂያዋ ከለቀቀ እሷም ትንቀጠቀጣለች። የእኔ ጊታር ላይ ሽቦውም ላልቷል፣ ሳህኗም ለቃለች።

መፍትሔው ሰም ነው። አዎ፣ ሰም። ጋሼ የሻማ ፓራፊን ላይ ጥቂት የንብ ሰም ይጨምራሉ፤ ፓራፊኑ ብቻውን ሲቀዘቅዝ ስለሚሰነጠቅ ነው። የንብ ሰም በአገራችን እንደልብ ነው። ድብልቁን እሳት ላይ በቀጥታ አይጥዱትም። ውኃ ባለበት ድስት ውስጥ ሌላ ዕቃ አስቀምጠው ያቀልጡታል፤ ሰም በቀጥታ እሳት ላይ ከተጣደ ሊቀጣጠል ይችላል። ቴርሞሜትሩ 65 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ፒክአፑን ይነክሩታል። ሙቀቱ ብዙ ከዘለለ የፒክአፑ ፕላስቲክ ይጣመማል፤ ስለዚህ ከቴርሞሜትሩ ዓይናቸውን አይነቅሉም። ከሽቦው መሐል ትንንሽ አረፋ ይወጣል። አረፋው እስኪያልቅ ይጠብቃሉ፤ ያ ማለት ሰሙ የአየሩን ቦታ ያዘ ማለት ነው። ከዚያ አውጥተው፣ ጠርገው፣ ሳህኗን መልሰው አጣበቁ።

አጠገባቸው ቆሜ ሳይ አንድም የችኮላ እንቅስቃሴ አላየሁም። ሽቦው በጥፍር ቢነካ ይበጠሳል።

ለሁሉም ፒክአፕ ይህን እንደማያደርጉም ነገሩኝ። የድሮ ፒክአፕ ይዞ የመጣ ሰው ካለ መጀመሪያ ያስጠነቅቁታል። ትንሽ የላላ ፒክአፕ ሕይወት ያለው ድምፅ አለው ብለው የሚወዱት አሉና። ሥራ እያለ "ይህን አልነካም" የሚል ጠጋኝ ማግኘት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ሁለተኛው ሕመም እምምታው ነው። መብራታችን 50 ኸርዝ ነው፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ ከትራንስፎርመርና ከመብራት መስመር ያንን ድምፅ ይለቅማል። እ.ኤ.አ. በ1955 የጊብሰን ጊታር ኩባንያ ባለሙያ የነበረው ሴት ላቨር (Seth Lover) በሁለት ጥቅል የሚሠራውን ሀምበከር ያዘጋጀው ይህንኑ ለማጥፋት ነው፤ አንዱ ጥቅል የለቀመውን ሌላው ይሽረዋል። ጋሼ የጊታሬን ሆድ ከፍተው ውስጡን በሙሉ በመዳብ ፎይል ለበጡት፣ ፎይሉንም ከግራውንድ (ከመሬት መስመሩ) ጋር በየዱት። ግን በቅንነት "ይህ ከኤልኢዲ መብራትና ከዲመር የሚመጣውን ዝዝዝታ ይቀንስልሃል፤ የ50ውን እምምታ ሙሉ በሙሉ አያጠፋልህም" አሉኝ። በምትኩ የአንዱን ፒክአፕ የማግኔትና የጥቅል አቅጣጫ ከሌላው ተቃራኒ አድርገው፣ የፒክአፕ መራጩ መሐል ላይ ሲሆን ሁለቱ እንዲሻሻሩ አደረጉት። አሁን ትዝታ ሲመጣ መሐል ላይ አድርጌ እጫወታለሁ። ጸጥ ይላል።

አንድ ነገር ላይ ተቆጥተውኝ ያውቃሉ፤ ደግመው ደጋግመው ስለነገሩኝ እኔም ልንገራችሁ። እምምታውን ለማጥፋት ብለው የአምፑን ሦስተኛ እግር፣ የግራውንዱን ማለቴ ነው፣ የሚቆርጡ ሙዚቀኞች አሉ። እውነት ነው፣ አንዳንዴ ድምፁ ይጠፋል። ግን የጊታር ክር ከአምፑ አካል ጋር የተያያዘ ነው። አምፑ ውስጥ ኤሌክትሪክ ከሾለከ በክሩ በኩል ወደ እጅ ይመጣል፤ ከንፈር ማይኩን ሲነካ ደግሞ ሰውየው ራሱ የኤሌክትሪኩ መስመር ይሆናል። የስቶን ዘ ክሮውስ ባንድ ጊታሪስት ሌስሊ ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ1972 በዌልስ፣ ስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ የሞተው ግራውንድ በሌለው ማይክሮፎን ተይዞ ነው። እኛ የምንሠራባቸው ብዙ አዳራሾች ሶኬታቸው ግራውንድ የለውም። ጋሼ ሶኬት መፈተሻ ገዝቼ ቦርሳዬ ውስጥ እንድይዝ አደረጉኝ። ከመሰካቴ በፊት እፈትሻለሁ። እናንተም ፈትሹ፣ እባካችሁ።

ጊታሩ ካለቀ በኋላ ነው ደግሞ ያልጠበቅኩትን ያደረጉልኝ። ስለ መድረክ አቋቋሜ ጠየቁኝ። አምፑ ከኋላዬ መሬት ላይ እንደሚቀመጥ ነገርኳቸው። ስፒከር ቀጭኑን ድምፅ የሚወረውረው ወደ ፊት ለፊቱ ነው። አምፑ መሬት ላይ ከሆነ ያ ድምፅ የእኔን ጉልበት እንጂ ጆሮዬን አያገኘውም። ስለዚህ ጊታሪስቱ "አልሰማኝም" ብሎ ትሬብሉን (ቀጭኑን ድምፅ) ይጨምራል፣ ፊት ረድፍ የተቀመጡት እንግዶች ጆሯቸውን ይይዛሉ፣ ፉጨቱም ይጀምራል። አምፑን ወንበር ላይ ከፍ አድርጎ ወደ ጆሮ ማቅናት፣ ከፊቱ ሳይሆን ከጎኑ መቆም፣ የጊታሩን ደረት ከአምፑና ከሞኒተሩ (ለተጫዋቹ ከሚያሰማው ስፒከር) ማዞር። ገንዘብ አያስወጣም፤ ለውጡ ግን ወዲያው ይሰማል።

ስለ ጌይንም (አምፑ የገባለትን ድምፅ ስለሚያጎላበት መጠን) አስተማሩኝ። በባቲና በአንቺሆዬ ረጅም ኖታ እንደ ማሲንቆ መሳብ እንፈልጋለን፤ ለዚያ ስንል ጌይን እንከምራለን። ጌይን ግን መርጦ አያጎላም፤ ኖታውንም ሹክሹክታውንም እኩል ነው የሚያጎላው። ኮምፕረሰርም (ከፍና ዝቅ ያለውን ድምፅ የሚያመጣጥነው መሣሪያ) በጸጥታው ቦታ ላይ ድምፁን ከፍ ስለሚያደርግ እምምታውን ያወጣዋል። ጌይኑን ዝቅ አድርገው ቮሊዩሙን ከፍ አደረጉልኝ፣ ሚዱንም (መሐለኛውን ድምፅ) መለሱልኝ። ቤት ለብቻ ስንለማመድ ሚድ ሲቀነስ ደስ ይላል። ኪቦርድ፣ ቤዝና ድራም ሲገቡ ግን ጊታሩ ይጠፋል፤ የጊታር ቦታው ሚድ ላይ ነውና። የሰላም ስዩምን ጊታር ከሮሃ ባንድ ጋር የሰማ ሰው ይህን ያውቀዋል። ብራስና ኪቦርድ መሐል እያንዳንዱ ኖታ ይለያል።

ፒክአፑን ከክሮቹ ትንሽ ዝቅ አደረጉት። ያረጀውን ረጅም ኬብሌንም በአጭር ቀየርኩ፤ ኬብል ሲረዝም ጥራቱን ይበላል። ሳውንድማናችንን ደግሞ በጊታሩ ቻናል ላይ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን እንዲቆርጠው ጠየቅኩት። የጊታሩ ወፍራም ክር ክፍቱን ሲመታ 82 ኸርዝ ላይ ስለሆነ ከዚያ በታች የሚቀር ሙዚቃ የለም።

የከፈልኩት ሁለት አዲስ ፒክአፕ ከሚያስወጣው በእጅጉ ያነሰ ነው። ልጨምር ስል እንኳ አልተቀበሉኝም። ጋሼ፣ ይህን ካነበቡ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። ያንን "አሎ፣ አሎ" ያሉበትን ፍተሻ አሁን ለባንዳችን ልጆች ሁሉ አሳይቻለሁ።

ጊታር ብቻ አይደለም የሚሠሩት። እኔ ባለሁበት ሰዓት አንድ የክራር ተጫዋች መጥቶ ነበር። ቆዳ የተወጠረበት ክራር ላይ ፒክአፕ ሲለጠፍ ቆዳው ራሱ ድምፅ ስለሚቀበል ፊድባኩ ከጊታር ይብሳል። ከውስጥ ስፖንጅ አስገብተው፣ ፒክአፑንም ቦታ ቀይረው አረጋጉለት። የቤዝ አምፕና የኪቦርድ ጥገናም ይቀበላሉ።

አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። ስትሄዱ ጊታሩን ብቻ አትያዙ፤ የምትጠቀሙበትን ኬብልና ፔዳልም ይዛችሁ ሂዱ፣ ችግሩ ከየት እንደሚመጣ ለይተው የሚያውቁት እንደዚያ ነው። ቅዳሜ የሰርግ ባንዶች ስለሚሰለፉ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ይሻላል። ለጥር ሰርግ ሥራ የያዛችሁ ደግሞ ከገና በፊት ድረሱ፤ ከዚያ በኋላ ወረፋ አይገኝም።