ፒ-ታይፕ ወይስ ኤን-ታይፕ ሶላር? ለደሴና ለኮምቦልቻ ጣሪያ

ሁለቱም ሲሊከን ናቸው፤ የሚለያቸው ባዕድ አቶም ነው፣ ያውም ከሚሊዮን አንድ የማይሞላ። ፒ-ታይፑ ውስጥ ያለው ቦሮን 3 የውጭ ኤሌክትሮን ብቻ ስላለው ከሲሊከኑ 4 ጋር ሲገጥም ክፍት ቦታ ይተዋል። ፎስፈረስ ግን 5 ይዞ ይመጣል፤ የተረፈው አንዱ በነፃነት ይንቀሳቀሳል፤ ኤን-ታይፕ የሚባለው ይኼ ነው።

ቦሮን አመል አለበት፦ ፀሐይ ሲያገኘው ከኦክስጅን ጋር ተጣምሮ የፓነሉን ጉልበት በጥቂቱ ይቀንሳል። (አዳዲሶቹ ቦሮንን በጋሊየም ስለተኩ ሻጩን መጠየቅ አይከፋም።) ኤን-ታይፑ ይህ ብዙም አያሰጋውም።

ሙቀት ሲጨምር ፐርክ የሚባለው የፒ-ታይፕ ፓነል ዓይነት በየዲግሪው ከጉልበቱ 0.35 በመቶ ገደማ ያጣል፤ ቶፕኮን የሚባለው የኤን-ታይፕ ዓይነት 0.30 ገደማ። ደሴ ብርዱ ራሱ ስለሚያግዝ ርካሹ ይበቃል። ኮምቦልቻ፣ በጋለ ቆርቆሮ ላይ፣ ዋጋው ካልተራራቀ ምርጫዬ ኤን-ታይፕ ነው።