የወንዝና የውኃ ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪ፦ አገር ቤት፣ አልጄሪያ፣ አውሮፓ ወይስ አሜሪካ?

በውኃ ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪ የሚፈልግ አመልካች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው የዩኒቨርሲቲውን ስም ነው። እኛ የምናስቀድመው ሁለት ሌላ ጥያቄ ነው፦ ለመመረቂያ ጥናቱ መስክ የሚወጣው በየትኞቹ ወራት ነው? የናሙናውን ወጪስ ማን ይከፍላል? ወንዝ በነሐሴና በየካቲት አንድ አይደለም። የመስክ ጊዜያችሁ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ብቻ ከሆነ ሙላቱንም፣ ደለሉንም፣ የዓሣውንም ፍልሰት ሳታዩ ትመረቃላችሁ።

አገር ቤት

ለወንዝ ሥነ ምህዳር ቀዳሚ ምርጫችን ባሕር ዳር ነው። ጣናን የሚመግቡት ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ከከተማው ተነስቶ የሚደረስባቸው ናቸው። በጣና ብቻ ከሚገኙት የላቢዮባርበስ ዓሦች አንዳንዶቹ ዝርያዎች ክረምት ሲገባ ሽቅብ ወደ ገባር ወንዞቹ ወጥተው ጠጠራማ ቦታ ላይ እንቁላል ይጥላሉ፤ በወንዞቹ መግቢያ የሚዘረጋ መረብና የአሸዋ ቁፋሮ ይጎዳቸዋል። ርዕስ አይጠፋም፣ የሚቸግረው መስኩ ነው። የፎገራ ሜዳ በክረምት በጎርፍ ይዋጣል፣ በሙላት ጊዜ ወንዝ ውስጥ ቆሞ በእጅ መረብ ናሙና መውሰድም ለሕይወት ያሰጋል። ስለዚህ የናሙና ቦታ በባሕር ዳር–ጎንደር መንገድ ድልድዮች አጠገብ ምረጡ። በጸጥታ ምክንያት መንገድ ሊዘጋ ስለሚችልም ከሌላ ተፋሰስ ተጠባባቂ ቦታ ያዙ።

አርባ ምንጭ እ.ኤ.አ. በ1986 የውኃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሆኖ የተጀመረ ነው። ዛሬም ጥንካሬው ምህንድስናው ላይ ነው፦ ፍሰት፣ ደለል፣ መስኖ፣ ሞዴል። ኩልፎ ወንዝ፣ አባያና ጫሞ ደጃፉ ላይ ናቸው። በወንዝ ወለል ነፍሳት የውኃ ጥራት መለካት የፈለገ ጅማን ይመልከት፤ የከተማ ብክለት የሳበው ደግሞ አዲስ አበባንና የአቃቂን ወንዝ።

የትም ግቡ፣ ከመመዝገባችሁ በፊት ላቦራቶሪውን በዓይናችሁ እዩ። ባዮኬሚካል የኦክስጅን ፍላጎት (ረቂቅ ተሕዋስያን በውኃው ያለውን ቆሻሻ ሲያፈርሱ የሚፈጁት ኦክስጅን) ለመለካት ናሙናው በ20 ዲግሪ አምስት ቀን መቆየት አለበት፤ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ከሌለ ውጤቱ ዋጋ የለውም። ሪኤጀንት (የመለኪያ ኬሚካል) በውጭ ምንዛሪ ስለሚገዛ ወራት ሊዘገይ ይችላል። መኪና፣ ነዳጅና አበል ከማን በጀት እንደሚወጣ በጽሑፍ ጠይቁ። ለነፍሳት ናሙና 0.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ ያለው መረብና ባለ 80 በመቶ አልኮል ይበቃል፤ አልኮሉ በናሙናው ውኃ ስለሚቀጥን በማግሥቱ ይቀየር፣ አለዚያ ነፍሳቱ ይበሰብሳሉ። ከፍታንም አትርሱ። በ20 ዲግሪ ሙቀት ውኃ በባሕር ወለል ከፍታ በሊትር 9.1 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል፤ 1,800 ሜትር ላይ ባለችው ባሕር ዳር ግን 7.3 ገደማ ነው። ይህን ሳያርም ንጹሑን ወንዝ «ተበክሏል» ያለ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን በሚከላከልበት ቀን ይቸገራል።

ትሌምሰን፣ አልጄሪያ

የፓን አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ የውኃና ኢነርጂ ተቋም ሁለት ዓመት ያስተምራል፣ የአፍሪካ ኅብረት ስኮላርሺፕም አለው። በውኃ በኩል ያሉት ዘርፎች የውኃ ምህንድስናና የውኃ ፖሊሲ ናቸው። ወደ ሚኒስቴር ወይም ወደ ተፋሰስ ባለሥልጣን ለሚያስብ ጥሩ ነው፤ ዓሣና አልጌ ለሚወድ አይሆንም። ከግቢ ውጭ ኑሮው በዓረብኛና በፈረንሳይኛ ነው።

አውሮፓ

ሁለት ፕሮግራም እናነጻጽር። የሐይቅና ረግረጋማ መሬት አስተዳደር ዲግሪው የቪየናው ቦኩ፣ የኬንያው ኤገርተንና የኔዘርላንዱ አይኤችኢ ዴልፍት በጋራ የሚሰጡት የ18 ወር ትምህርት ነው። በሐይቅና በወንዝ ውኃ ሥነ ሕይወት ከሁሉም የጠለቀ ነው ብንል አናጋንንም። ነገር ግን ከ18 ወር ላይ ኮርሱና ከአገር አገር መዘዋወሩ ተቀንሶ ለጥናት የሚተርፈው አጭር ነው። ስኮላርሺፕ ካልተገኘም ወጪው ከባድ ነው።

ሌላው የኢራስመስ ሙንዱስ (የአውሮፓ ኅብረት የጋራ ማስተርስ) ተግባራዊ ኢኮሃይድሮሎጂ፣ ማለትም የውኃ ፍሰትና የሥነ ምህዳር ግንኙነት ጥናት፣ ነው። ስኮላርሺፑን ያገኘ ትምህርት አይከፍልም፣ በወር 1,400 ዩሮ እስከ 24 ወር ይቀበላል፤ ቪዛ፣ የአውሮፕላን ትኬትና የቤት ኪራይ ግን ከዚሁ ይወጣሉ። የመጀመሪያውን ወር ማስያዣ የሚሆን ገንዘብ ከአገር ቤት ያስፈልጋል። ሁለት ዓመት ስለሆነም፣ አማካሪ ከተስማማ፣ በመካከል ያለውን ክረምት ኢትዮጵያ ውስጥ መረጃ ለመሰብሰብ መጠቀም ይቻላል። ከሁለቱ ይህንን እንመርጣለን።

አሜሪካ

እዚህ ከማመልከቻው በፊት የሚቀድመው ፕሮፌሰሩ ነው። የምርምር ረዳት ሆኖ የሚቀጠር ተማሪ በአብዛኛው የትምህርት ክፍያው ተነስቶለት ደመወዝ ያገኛል፣ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ይሠራል። ገንዘቡ ግን የፕሮፌሰሩ የምርምር በጀት ስለሆነ ርዕሱንም በጀቱ ይወስነዋል፤ ገንዘቡ የሞንታና ጅረት ላይ ከሆነ ጉማራን ማጥናት ዘበት ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ የሌለበት ማስተርስ አብዛኛውን ጊዜ ድጋፍ የለውም። ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ላላቸው የብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን የድኅረ ምረቃ ፌሎሺፕ ክፍት ነው፤ በተማሪ ቪዛ ለሚመጣ ግን አይደለም።

ማመልከቻ ብዙ ቦታ በታኅሣሥና በጥር ስለሚዘጋ ኢሜይሉን በነሐሴና በመስከረም ላኩ። ሦስት አጭር አንቀጽ ይበቃል፦ ከፕሮፌሰሩ የቅርብ ጥናት የተነሳ አንድ ጥያቄ፣ የምትችሉት አንድ ሙያ (ጂአይኤስ ማለትም በኮምፒውተር የካርታ ሥራ፣ «አር» የተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም፣ የነፍሳት ልየታ)፣ ከዚያ በቀጥታ «ለሚቀጥለው ዓመት ደመወዝ ያለው ቦታ አለ?»። ቀድሞ የተቀበላችሁ ዩኒቨርሲቲ «አሁኑኑ ወስኑ» ቢል አትደንግጡ፤ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች ምክር ቤትን ስምምነት የፈረሙት ዩኒቨርሲቲዎች ለገንዘብ ድጋፍ ከኤፕሪል 15 በፊት መልስ እንድትሰጡ ማስገደድ የለባቸውም።