በራችንን ላደሱልን ቀለም ቀቢ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

እጃቸው ይባረክ! የመኝታ ቤታችንን ያረጀ በር ላደሱልን ቀለም ቀቢ ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብ እፈልጋለሁ። «ጎበዝ ናቸው» ብቻ ቢባል ለማንም ስለማይጠቅም ምን እንደሠሩና ለምን እንደሠሩት ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ።

በሩ ከእሳቸው በፊት የሌሎች እጅ አልፎበታል። እነማን እንደሆኑ ይቅር፤ የሠሩትን ግን እናገራለሁ። በሚያብለጨልጭ አሮጌ የዘይት ቀለም ላይ፣ ሳያጥቡና ሳይፍቁ፣ የውሃ ቀለም ለቀለቁበት። ለጊዜው ያምራል። የደረቀ የዘይት ቀለም ግን ልሙጥ ስለሆነ አዲሱ ቀለም የሚጨብጠው ነገር አያገኝም፤ ጥፍር ሲነካው እንደ ፕላስቲክ እየተላጠ ይነሳል። እጀታውን ሳይፈቱ ዙሪያውን ቀቡ፣ ማጠፊያውን ከነብሎኑ ቀለም አለበሱት። ለዚህ ሁሉ ደግሞ ለአንድ በር ሙሉ ጋሎን አስገዙ!

እኚህ ሰው ሲመጡ መጀመሪያ የጠየቁት ጥጥና አልኮል ነው። ጥጡን በአልኮል ነክረው፣ በማጠፊያው በኩል በሩ ሲዘጋ በማይታየው ጠርዝ ላይ አሹት። ቀለሙ ወደ ጥጡ ከወጣ የውሃ ነው፤ ካልወጣ የዘይት። የላይኛው ቀለም ጥጡን አቀለመው። ከተላጠው ስር ያለውን ሲያሹ ግን ጥጡ ነጭ እንደሆነ ቀረ። «ልጄ፣ ቀለሙ ምንም አላጠፋም፤ ከስሩ ምን እንዳለ ያየ ሰው ነው የጠፋው» አሉ። ጥቂት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ ሁሉ የወሰነው ግን እሱ ነው። ቀለም ቀቢ ስትቀጥሩ ይህን ያደርግ እንደሆነ እዩ።

ከዚያ እጀታውንና ቁልፉን በካቻቢቴ ፈቱ። ብሎኖቹን እንደየቦታቸው ለይተው ወረቀት ላይ በፕላስተር ለጠፏቸው፣ ከጎናቸውም «ላይ»፣ «ታች» ብለው ጻፉ። በሩን አውርደው አጋደሙት፤ በተጋደመ በር ላይ ቀለም ቶሎ አይወርድም። በእጀታው ዙሪያ የተጋገረውን የእጅ ቅባት በሳሙና አጥበው በንጹህ ውሃ አለቀለቁት። ማጠብ ከመፋቅ ይቀድማል፤ ቅባቱ ሳይለቅ ከተፋቀ ብርጭቆ ወረቀቱ ራሱ በእንጨቱ ላይ ያዳርሰዋል።

ያልያዘውን ቀለም በስፓቱላ አነሱ። የቀረውን ውሃ በሚችል ብርጭቆ ወረቀት በሻካራው 120 ቁጥር ጀምረው በለስላሳው 220 ጨረሱ። ሁሉንም እያረጠቡ ነው የፋቁት፤ አሮጌ ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል አቧራው መነሳት የለበትም። ልጆችንም ከክፍሉ አስወጡ። እንጨቱ እስኪታይ መውረድ አያስፈልግም፤ የሚፈለገው ማብለጭለጩ መጥፋቱና የተላጠው ጠርዝ በጣት ሲዳሰስ አለመታወቁ ነው። የተቦረቦረውን በስቱኮ ስስ አድርገው ሁለት ጊዜ ሞሉ። አንዴ በወፍራሙ ከተሞላ ሲደርቅ ይሰረጉዳል። ቀጥሎ ፕራይመር፣ ማለትም ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባው መነሻ ቀለም። ስቱኮ ቀለም ስለሚመጥ፣ ያለ ፕራይመር ከተቀባ የተደፈነው ቦታ ሁሉ ደብዝዞ ያጋልጣል።

ቀለሙን የመረጡት እሳቸው ናቸው፤ ለበርና መስኮት የሚሆን የውሃ ኢናሜል፣ ማለትም ሲደርቅ የሚጠነክር የውሃ ቀለም። ነጭ የዘይት ቀለም ብርሃን በማያገኝ የውስጥ በር ላይ ውሎ አድሮ ቢጫ ይሆናል። መጠኑን ደግሞ ፊት ለፊታችን አሰሉት፤ 2 ሜትር በ80 ሴንቲ ሜትር የሆነ በር ሁለቱ ፊት ከነጠርዙ 3.5 ካሬ ሜትር ያህል ነው። አንድ ሊትር በአንድ ዙር 10 ካሬ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። እንግዲህ ለሁለት ዙር አንድ ሊትር በቂ ነው፤ ይተርፋልም። ጋሎኑ ለማን ነበር?

አቀባቡም ተራ አለው። መጀመሪያ በብሩሽ የተቀረጸው ዙሪያ፣ ከዚያ በትንሽ ሮለር መሃሉ፣ ቀጥሎ አግድሙ፣ ከዚያ ቋሚው፣ በመጨረሻ ጠርዙ። ግማሽ የደረቀ ቀለም ላይ ተመልሰው ብሩሽ አያስነኩም፤ የብሩሽ መስመር የሚቀረው በዚያ ነው። እኔን ያስደነቀኝ ግን የላይና የታች ጠርዙን መቀባታቸው ነው። ማንም አያየውም፤ ነገር ግን እርጥበት ገብቶ በር የሚያብጠው በዚያ በኩል ስለሆነ ዘግተውት ሄዱ። ቢተዉት ማንም አያውቅባቸውም ነበር።

ሲጨርሱ «ደረቀ ማለት ጠነከረ ማለት አይደለም» ብለው በሩ ከመቃኑ ጋር እንዳይጣበቅ የታጠፈ ካርቶን ሸጎጡበት። ኢናሜል ሙሉ በሙሉ እስኪጠነክር ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈልጋል፤ እስከዚያ በሩን በኃይል መዝጋትም፣ በሳሙና ማሸትም የለም። የተረፈውን ቀለም ደግሞ ማንም ሳይጠይቃቸው በትንሽ ብልቃጥ እስከ አፉ ሞልተው (አየር ካለበት ይጋገራል) የቀለሙን ቁጥርና ቀኑን ጽፈውበት አስረከቡን። ቢጫር ለመጠገን ነው። እንዲህ የሚያስብ ባለሙያ ከየት ይገኛል? እግዜር ይስጥልን!

በር፣ መስኮት፣ ቁም ሣጥን ማስቀባት የምትፈልጉ እሳቸውን ጥሩ። ደግሜ እላለሁ፣ እሳቸውን ጥሩ። ስልካቸውን ሳላስፈቅድ እዚህ አልለጥፍም፤ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝና ጠይቄያቸው እሰጣለሁ። ብቻ «ዛሬውኑ ይለቅ» እንዳትሏቸው፤ በየመሃሉ ማድረቂያ ጊዜ ካልሰጣችኋቸው ሥራውን አይቀበሉም።