ወይ ሽያጭ ይሁን፣ ወይ ብድር፦ በኮምቦልቻ «ሙራባሃ» ተብሎ ስለቀረበልኝ የመኪና ፋይናንስ

ኮምቦልቻ ከሚገኝ መኪና መሸጫ የገዛሁት ዶልፊን ሚኒባስ፣ ወንድሜ እየነዳው፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ በየዕለቱ እየወጣና እየወረደ በደሴ ኮምቦልቻ መስመር ይሠራል። እስካሁን ከፍሬን ሸራና ከዘይት ያለፈ ወጪ አልጠየቀንም፤ በመኪናው ላይ ቅሬታ የለኝም። ይህ ግምገማ የሚመለከተው በዚያው መሸጫ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግቶ የሚሠራ አንድ የገንዘብ ተቋም፣ ከወለድ ነፃ ነው ብሎ ያዋዋለንን የፋይናንስ አገልግሎት ነው።

ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባንኮች ከወለድ ነፃ አገልግሎት በመስኮት፣ ማለትም በመደበኛው ባንክ ውስጥ በተለየ ክፍል፣ እንዲሰጡ በመመሪያ ከፈቀደ ወዲህ፣ ሙራባሃ የሚባለው አሠራር በወሎ ብዙ ደንበኛ አግኝቷል፤ ወለድን በመሸሽ ከባንክ ርቆ በእቁብ ብቻ ንብረት ሲያፈራ ለኖረ ሰው ትልቅ በር ነው። አሠራሩ ብድር ሳይሆን ሽያጭ ነው። ተቋሙ ዕቃውን አስቀድሞ በራሱ ስም ይገዛል፣ የገዛበትን ዋጋና የሚጨምረውን ትርፍ ለደንበኛው ይገልጻል፣ ከዚያም በተቆረጠ ዋጋ በዱቤ ይሸጥለታል። ዋጋው አንዴ ከተቆረጠ በኋላ ደንበኛው ቢዘገይም አይጨምርም፤ ለማዘግየት ቅጣት ቢጣል እንኳ ገንዘቡ ለበጎ አድራጎት ይውላል እንጂ የተቋሙ ገቢ አይሆንም።

ጠረጴዛው ላይ የነበረው ሠራተኛ ትሑትና ፈጣን ነበር፤ በዚህ አልከሰውም። ወንድሜ «ወለድ አለው ወይ?» ብሎ በግልጽ ሲጠይቀው «አብሽር ወንድሜ፣ ሙራባሃ ነው፣ ሐላል ነው» ሲል መለሰለት። የመኪናው ዋጋ 2,000,000 ብር ሲሆን 800,000 ብሩን ከእቁብ ባወጣነው ገንዘብ ከፈልን፤ ለቀሪው 1,200,000 ብር በዓመት 15 በመቶ ትርፍ ተጨምሮበት በሦስት ዓመት ውስጥ በየወሩ 48,333 ብር ልንከፍል ተስማማን። ብዙ መሆኑን አላጣነውም፤ ነገር ግን የዱቤ ዋጋ ነው ብለን ተቀበልነው።

ጥርጣሬውን ያመጣው ደረሰኙ ነው። ስም ለማዞር ሰነዶቹን ስናሰባስብ የመሸጫው የሽያጭ ደረሰኝ የተቆረጠው በእኔ ስም ሆኖ አገኘነው፤ የተቋሙ ስም በገዢነት የትም ቦታ አልሰፈረም። የደረሰኙ ቀን ደግሞ ከእኛና ከተቋሙ ውል በኋላ ነው። እንግዲህ ተቋሙ ውሉን በፈረመበት ቀን መኪናው የመሸጫው ንብረት ነበር ማለት ነው፤ ያልገዛውን ዕቃ ሸጠልን ካልተባለ በቀር ያደረገው ነገር ለመሸጫው ገንዘብ መክፈልና እኛን ባለዕዳ ማድረግ ብቻ ነው። ይህን በሌላ ባንክ ከወለድ ነፃ መስኮት ለሚሠራ ባለሙያ ሳሳየው ውሉን ገለጥ ገለጥ አድርጎ «ይህማ ተራ ብድር ነው» አለ።

ጉዳዩ የሃይማኖት ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። ነዳጅ ጠፍቶ መኪናው ወረፋ ላይ ሲውልና ሲያድር አንድ ክፍያ ዘገየብን፤ ተቋሙም በዘገየው ገንዘብ ላይ 3 በመቶ ቅጣት አስቦ ለራሱ አስገባ። ምክንያቱን ስንጠይቅ «ብድር ሲዘገይ ቅጣት አለው» አሉን። ቆይተን ደግሞ ከዘመድ ባገኘነው ገንዘብ ዕዳውን አስቀድመን ለመዝጋት ጠየቅን፤ ብድር ከሆነ ገና ያልደረሰበት ጊዜ ወለድ መቀነስ አለበትና። መልሳቸው «ሽያጭ ስለሆነ ዋጋው አይቀነስም» የሚል ሆነ። ለሚጠቅማቸው ጊዜ ሽያጭ፣ ለሚጠቅማቸው ጊዜ ብድር የሚሆን ውል ከማን ሕግ እንደተቀዳ እስካሁን ያስረዳኝ የለም።

ብድር ነው ከተባለ እንደ ብድር እናስላው። 15 በመቶው የተሰላው በመነሻው 1,200,000 ብር ላይ ሦስቱንም ዓመት ሳይቀንስ በመሆኑ፣ በድምሩ 540,000 ብር ይሆናል። ከዋናው ዕዳ በየወሩ የምንከፍለው ተቀንሶ ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ ብቻ ቢሰላ ኖሮ፣ በዚያው በ15 በመቶ የወር ክፍያችን 41,600 ብር ገደማ፣ ጠቅላላ ወለዱም ከ298,000 ብር የማይበልጥ ነበር። ልዩነቱ ከ240,000 ብር በላይ ነው። በሌላ አነጋገር የፈረምነው ውል በቀሪ ዕዳ ስሌት ወደ 26 በመቶ የሚጠጋ ወለድ ያለው ብድር ነው፤ በዚህ ቁጥር ቢነገረን ኖሮ ጠረጴዛው ጋ አንቀመጥም ነበር።

መሸጫውም ከዚህ ነፃ አይደለም። ደንበኛ ወደዚያ ጠረጴዛ በላኩ ቁጥር ከተቋሙ ኮሚሽን እንደሚያገኙ ከሻጮቹ አንዱ ሳይደብቅ ነግሮኛል፤ በውሉ ላይ ግን አንድም መስመር አልተጻፈም። ይህ የእኛ አገር ነገር ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ሻጩ የወለዱን መጠን ከፍ ባደረገ ቁጥር ኮሚሽኑ የሚያድግበትን አሠራር የፋይናንስ ተቆጣጣሪው እ.ኤ.አ. በ2021 ከልክሏል፤ የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2025 ኮሚሽኑ ከብድሩ ጠቅላላ ወጪ 55 በመቶ ሆኖ ሳለ በአግባቡ ሳይገለጽለት ለቀረ አንድ መኪና ገዢ ፈርዶለታል። እዚያ ክርክሩ ብዙ ሰው የሚመለከት የካሳ ጉዳይ ሆኗል፤ እኛ ጋ ገና የጠየቀ አልሰማሁም።

ቅሬታዬን በመጀመሪያ ለቅርንጫፉ በቃል አቀረብሁ፤ በቃል ተሸኘሁ። ስለዚህ የውሉን፣ የደረሰኙንና የክፍያዎቹን ቅጂ አያይዤ በደብዳቤ ጠየቅሁ፤ የራሴን ቅጂም «ገቢ» የሚል ማኅተም አስመታሁበት። ማኅተሙ የሠራውን ሥራ ልመናዬ አልሠራም። የጠየቅሁት ሁለት አማራጭ ነው፦ ውሉ ሽያጭ ከሆነ ቅጣቱ እንዲመለስና ተቋሙ መኪናውን የገዛበት ሰነድ እንዲቀርብ፣ ብድር ከሆነ ደግሞ በቀሪ ዕዳ ተሰልቶ ከመጠን በላይ የከፈልነው እንዲታሰብልን። ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣው ምላሽ ቅጣቱን «ለደንበኝነታችን ሲባል» መልሶልናል፤ ስለ ደረሰኙ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም። ቅጣት መመለሳቸውን አመሰግናለሁ፤ ለካሳ አልቆጥረውም። አሁን ጉዳዩን፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ ላወጣው ለብሔራዊ ባንክ አቅርቤያለሁ፤ ውሳኔ እየጠበቅሁ ነው።

ለአገልግሎቱ ከአምስት አንድ እሰጣለሁ፤ አንዱም ለፍጥነቱ ነው። በዚያ ጠረጴዛ ለመዋዋል ያሰበ ሰው ከመፈረሙ በፊት መኪናው በተቋሙ ስም የተገዛበትን ደረሰኝ ይጠይቅ፤ ካላሳዩት ሙራባሃ የሚለውን ስም አይቀበል። ቀድሞ የፈረመ ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1704 በተንኮል የተገኘ ውል እንዲፈርስ መጠየቅን እንደሚፈቅድ፣ ነገር ግን በቁጥር 1810 መሠረት ጥያቄው ውሉን የሚያስፈርሰው ምክንያት ከተወገደበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ እንዳለበት ይወቅ፤ ቅርንጫፉ «እናየዋለን» እያለ የሚያሳልፈው ጊዜ ከዚሁ ላይ የሚቀነስ ነው።